የማን እንጀራ በልተን ተማርን?

ስለ ኢትዮጵያ ተማሪዎች የተጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በመፈክር ይጀምርና በጥይት ያልቃል። ሰልፉ፣ ግጥሙ፣ ድርጅቱ፣ ክፍፍሉ፣ እስሩ። ይህ ሁሉ መጻፉ ተገቢ ነው። ግን ያ ሰልፍ የወጣ ተማሪ በዚያን ዕለት ቁርሱን የት በላ? ማታስ የት አደረ? ወጪውን የቻለው ማን ነው? ይህን የሚጠይቅ ጽሑፍ ብዙ አላጋጠመኝም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የወጣን ሰው ግን እስቲ ስለ ጊቢ ሕይወትህ አውራ ብትሉት፣ ከሌክቸሩ በፊት የሚያነሳላችሁ ካፌውን፣ ዶርሙንና ኪሱ ባዶ የሆነበትን የወር መጨረሻ ነው።

እኔም የዚያ ሕይወት ውጤት ነኝ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የተማሪውን ታሪክ በሳህኑ በኩል ልየው። የምግቡ ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። በአገራችን ተማሪን የሚያበላው ወገን በተለወጠ ቁጥር ተማሪው ለማን ባለዕዳ እንደሆነም አብሮ ተለውጧል። የተማሪው ጸባይ፣ ድፍረቱና ዝምታው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው ብዬ አምናለሁ።

በር ላይ የቆመ ተማሪ

አያቴ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ላስታ ተወልደው፣ ድጓ ለመማር ጋይንት ቤተልሔም ድረስ በእግራቸው ሄደዋል። በልጅነቴ ሲያወሩልን የሚበዛው የዜማው ነገር ሳይሆን የውሻው ነገር ነበር። «ከትምህርቱ የከበደኝ የሰው ደጅ ውሻ ነው» ይሉ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት አሠራሩ እንዲህ ነው። መምህሩ ከተማሪው ገንዘብ አይቀበሉም። ተማሪው ጎጆውን ራሱ ይሠራል፣ ለመምህሩ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል። ሲርበው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ በየመንደሩ ይዞራል። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ይቆማል። ባለቤቲቱ ካላት ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ትሰጠዋለች፤ ከሌላት «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ታሰናብተዋለች። ስሙም የመጣው ከዚያ ቆሎ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ተማሪው ብዙ ጊዜ የሚማረው ከተወለደበት አገር ርቆ ነው። አባትና እናቱ በማያውቁት፣ እሱም በማይታወቅበት መንደር ይለምናል። ልመናው ነውር አልነበረም፤ ትሕትና የሚማርበት መንገድ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ሁለተኛ፣ ማን እንዳበላው ያውቃል። ሴትየዋን በፊቷ ያውቃታል፣ በሩን ያውቀዋል፣ እህሏ ያለቀበትን ወርም ያውቃል።

በእስልምናውም በኩል ከዚህ ብዙ የማይርቅ ልማድ ነበር። የወሎ ደረሳዎች አንድ ኪታብ ለመቅራት ከሼህ ወደ ሼህ፣ ከአውራጃ ወደ አውራጃ ይጓዙ ነበር። የሚኖሩትም በአካባቢው ሕዝብ እህል ነው። ለሕዝቡ የሚመለስለት ዱዓ ነው፤ በክርስቲያኑ በኩል ደግሞ ጸሎት።

ይህን ሕይወት ማሳመር አልፈልግም። ረሃብ ነበረበት፣ እከክ ነበረበት፣ በመንገድ የቀረ ልጅም ብዙ ነው። ቢሆንም የአገራችን የመጀመሪያው «የተማሪ ቀለብ» ይሄ ነው። የሚከፍለው ገበሬው ነበር፤ በቀጥታ፣ በእጁ፣ በገዛ በሩ ላይ።

የንጉሠ ነገሥቱ ገበታ

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አራት ኪሎ ላይ ሲከፈት የተማሪው ቁጥር 33 ነበር። ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲዬን ማት ናቸው፤ ከዚያ በፊት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ይመሩ ነበር። ኢየሱሳውያኑ ቀሚሳቸውን አውልቀው፣ ስለ ሃይማኖታቸው ላይሰብኩ ተስማምተው ነው የሚያስተምሩት።

እንግዲህ 33 ሰው ማለት የአንድ ሠርግ የአንድ ድንኳን ጥግ አይሞላም። ለእነዚህ ልጆች አልጋው፣ ምግቡ፣ መጽሐፉ ሁሉ ተሰናድቶላቸዋል። ሲመረቁም ሥራ ይጠብቃቸዋል፤ መሥሪያ ቤቶች የተማረ ሰው ተርበዋልና። ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስቴሩን ሥልጣን ለዓመታት በራሳቸው ይዘው ቆይተዋል፤ ኮሌጁን ይጎበኛሉ፣ ዲፕሎማውን በእጃቸው ይሰጣሉ።

ምግቡ በእርግጥ የመጣው ከግብር ነው። ግብሩ ደግሞ ከገበሬው። ነገር ግን በመሐል አንድ ነገር ተለውጧል። ተማሪው አሁን የሚያየው የገበሬዋን በር ሳይሆን የንጉሡን እጅ ነው። ምጽዋት የነበረው ነገር ስጦታ ሆነ። ለስጦታ ደግሞ የሚጠበቀው ምላሽ ምስጋናና ታማኝነት ነው።

ታማኝነቱ ብዙ አልቆየም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች በነጻ ትምህርት ዕድል የመጡ ተማሪዎች ኮሌጁን ተቀላቀሉ። ኋላ የኬንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ ከእነሱ አንዱ ናቸው። እነዚህ ልጆች በአገራቸው የነጻነት ትግል ሲጋጋል እያዩ የመጡ ናቸው። አብረው በልተው፣ አብረው አድረው፣ ማታ ማታ ሲከራከሩ የእኛዎቹ ልጆች ስለ ራሳቸው አገር መጠየቅ ጀመሩ። አንድ ዶርም ውስጥ ማደር የሚያደርገውን ነገር የኖረበት ሰው ያውቀዋል፤ በክፍል ውስጥ የማይነሳው ጥያቄ መብራት ከጠፋ በኋላ ይነሳል።

በታኅሣሥ 1953 ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ከሸፈ፤ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት ተረሸኑ። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1954፣ ንጉሠ ነገሥቱ ያንኑ ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጡና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው ሁሉ በዚያ ግቢ ውስጥ አልፏል። ደም የፈሰሰበት አዳራሽ ዛሬ ሙዚየምና የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ባለበት ሕንፃ ውስጥ ነው። ስጦታው ከባድ ነበር፤ ይቅርታም ነበረበት፣ ማሳሰቢያም ነበረበት።

ተማሪዎቹ ግን በኮሌጅ ቀን በዓል ግጥም ማንበባቸውን ቀጠሉ። ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን ያነበበው ከመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ጥቂት ወራት በኋላ ነበር። ርዕሱ ራሱ ጉዳዩን ይናገራል፤ በንጉሡ ገበታ ላይ የተቀመጠው ተማሪ ስለ ደሃው አፍ አውጥቶ መናገር ጀመረ። ቀጥሎ ቅጣት መጣ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አዳሪነቱ ቀረና ተማሪው ወርኃዊ ገንዘብ እየተሰጠው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ እንዲኖር ተደረገ።

ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ አንድ ላይ እያደሩ እንዳይመክሩ። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። በወር ገንዘብ ጭቃ ቤት የተከራየ ልጅ አከራዩዋን እማማን ያያል፣ ውኃ ለመቅዳት የሚሰለፈውን ሕዝብ ያያል፣ ከገጠር መጥቶ በረንዳ ላይ የሚያድረውን ሰው ያያል። ከበሩ ያራቁት ተማሪ ተመልሶ በር ላይ ቆመ ማለት ነው።

ዕዳው ወደ ገበሬው ሲዞር

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ፕሮግራም መጣ። ማንኛውም ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ሄዶ ያገለግላል፤ አብዛኛው በመምህርነት። እኔ እንደማየው በዚያ ዘመን ከታተመ ከማንኛውም በራሪ ወረቀት የበለጠ ተማሪውን የለወጠው ይህ አንድ ዓመት ነው። ገባሩና ጭሰኛው ለአንዳንዱ የመጽሐፍ ቃል ነበር። አውራጃ ወርዶ ሲያስተምር ግን ጭሰኛው የተማሪው አባት ሆኖ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ይመጣበታል።

በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ተብሎ ሰልፍ ተወጣ። በዓመቱ፣ ለማኞች ከከተማው እየታፈሱ ሾላ በሚባለው ቦታ መታጎራቸውን ተቃውመው ተማሪዎች እንደገና አደባባይ ወጡ። በመጋቢት 1960 በዚያው ግቢ በራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ ረብሻ ተነሳ። ይህን የመጨረሻውን ዛሬ ብዙ ሰው ስለ አጭር ቀሚስ ብቻ አድርጎ ያወራዋል። በእርግጥ ለሴቶቹ የተወረወረው ስድብ ነውር ነበር፤ ሊሸፋፈን አይገባም። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን ይኸው የእኛ ጥያቄ ነው፤ ሕዝቡ እየተራበ፣ በሕዝቡ ገንዘብ በሚተዳደር ግቢ ውስጥ ምን ማድረግ ይፈቀዳል?

በእነዚህ ዓመታት በተማሪው ንግግር ውስጥ ዕዳው ባለቤቱን ቀየረ። «ያስተማረን ንጉሡ አይደለም፤ ያስተማረን ጭቁኑ ገበሬ ነው» የሚል ስሜት እየጎለበተ ሄደ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ምስጋናን ከቤተ መንግሥቱ ነጥቆ ወደ እርሻው ወሰደው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናውቃለን። በታኅሣሥ 19 ቀን 1962 የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተተኩሶበት ሞተ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን ከብበው በነበሩ ተማሪዎች ላይ ወታደር ግቢው ውስጥ ተኮሰ።

አብዮቱ ሲመጣ ደርግ ይህንኑ ዕዳ እንዲከፈል ጠየቀ። በታኅሣሥ 1967 የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። የካቲት 25 ቀን የመሬት አዋጁ ሲወጣ ለገበሬው ያነበቡለት፣ ማኅበሩን ያደራጁት ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። «መሬት ለአራሹ» ብሎ የጮኸ ልጅ መሬቱን በገመድ ሲለካ ማየት ምን ያህል ደስታ እንደነበር የዘመቱ ሰዎች ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ደስታው ግን አጭር ነበር። ከአካባቢ ባለሥልጣናትና ከደርጉ ጋር ተጋጭተው ጣቢያውን ጥለው የጠፉ ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም መካከል ቀይ ሽብር የበላቸው አሉ።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር አለ። ለሕዝብ ያለብህን ዕዳ መንግሥት ሲሰበስብልህ፣ ዕዳው የመንግሥት ይሆናል። በ1977 ረሃብ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ መተከልና ጋምቤላ ተወስደው ለሠፋሪዎች ጎጆ እንዲሠሩ ተደረገ። በ1983 ደግሞ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ ገቡ። አጎቴ ከእነሱ አንዱ ነበር። መንግሥቱ ሲፈርስ ከጓደኞቹ ጋር በእግሩ ወደ ኬንያ ተሻገረ። «ለአራት ዓመት ስላበሉን ሊያርዱን አሰቡ» ይላል እስከ ዛሬ፣ እየሳቀ።

ውሉ

ኤርትራ ከተለየች በኋላ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚል ስም የያዙት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ይህን የሚያህል መስፋፋት በነጻ ቀለብ አይቻልም፤ ወይም አይቻልም ተባለ። ስለዚህ በ1996 የትምህርት ዘመን የወጪ መጋራት ደንቡ ሥራ ላይ ዋለ። ቁጥሩ 91 ነው። ተማሪው የምግብና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይችላል፤ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል። መምህር የሚሆን በአገልግሎቱ ይከፍላል። ሐሳቡ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 ከጀመረችው አሠራር ጋር ይቀራረባል።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ2001 ነው። የተመደብኩበትን ከተማ ስም ከዚያ በፊት የሰማሁት በሬዲዮ ብቻ ነበር። በየዓመቱ አንድ ቅጽ ይሰጠናል፤ «ኮስት ሼሪንግ» እንለዋለን። ተሰልፈን እንፈርማለን። ዋስ ይጠራል፣ ፎቶ ይለጠፋል። ስንት እንደሆነ አንብቦ የሚፈርም አልነበረም ማለት ይቻላል። በ18 ዓመትህ፣ ካፌ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ውል አታነብም።

ካፌው ከነሽሮው፣ ከነምስሩ፣ ከነዳቦና ሻዩ በየጊቢው ያው ነው። ሰልፉ፣ ሚል ካርዱ፣ ወጡ ቀጠነ የሚለው ማጉረምረም። ያልተስማማው ሰው «ነን ካፌ» ይሆናል፤ ምግቡን ትቶ ገንዘቡን በየወሩ ይወስዳል። አንዳንዱ ነን ካፌ የሚሆነው ምግቡ ስለማይጥመው ነው። አንዳንዱ ግን ብሩን ለታናሽ እህቱ ደብተር ይልካል። በዶርማችን የነበረ አንድ ልጅ ከእናቱ የመጣለትን ድርቆሽና በሶ እየበላ የካፌውን ብር ወደ ቤት ይልክ ነበር። ከላይኛው አልጋ ሆኖ በሶውን ሲበጠብጥ የማንኪያው ድምፅ ይሰማኛል። መንግሥት ለእሱ ያበደረው የምግብ ገንዘብ የገጠር ቤተሰብ ቀለብ ሆኖ ነበር። ዕዳው ግን በእሱ ስም ተጽፏል።

ሴቶቹ ደግሞ ሌላ ስሌት አለባቸው። ሞዴስ፣ የፀጉር ቅባት፣ ፎቶ ኮፒ፤ ደንቡ ውስጥ አንዱም የለም። «ካፌ አለልሽ፣ ዶርም አለልሽ፣ ምን ጎደለሽ?» ተብላ ከቤት ብር የማይላክላት ልጅ ብዙ ናት። ይህን ክፍተት አይቶ የሚጠጋ ሰው ደግሞ አይጠፋም። በዓመቱ መጨረሻ «ተባረረች» ተብሎ ስሟ የሚነሳው ልጅ ሁልጊዜ ትምህርቱ ከብዷት አይደለም የወጣችው።

አውስትራሊያ ዕዳውን የምትሰበስበው የዜጋው ሁሉ ገቢ በግብር መዝገብ ስለሚታወቅ ነው። የእኛ ምሩቅ ግን ሥራ ካላገኘ፣ ወይም ባጃጅ ከነዳ፣ ወይም ሱቅ ከከፈተ፣ ማን ቆርጦ ይወስድበታል? መያዣ የሆነው ወረቀቱ ነው። በእጅህ የሚሰጡህ «ቴምፖ» ነው፤ ኦሪጅናሉን የምታገኘው ዕዳህን ጨርሰህ፣ ማስረጃ ይዘህ ስትመለስ ነው። እኔ በደመወዜ እየተቆረጠ ጨርሼ ስመለስ የከፈልኩበት መዝገብ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው አልተላለፈም ተብዬ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሁለት ቀን በአውቶቡስ የሚያስኬድ መንገድ ነው። ከእኔ የባሰባቸው አሉ፤ ሥራ ለመቀጠር ኦሪጅናል ይጠየቃሉ፣ ኦሪጅናሉን ለማግኘት ከሥራ የሚገኝ ብር ያስፈልጋቸዋል።

እንዲያም ሆኖ ወጪ መጋራቱን ከነጭራሹ ግፍ ነው ለማለት አልችልም። ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያልላከ ገበሬ ለእኔ ሽሮ ለምን ይክፈል? ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። በምንፈርመው ውል ላይ ሁለት ወገን ብቻ አለ፤ ተማሪውና መንግሥት። የቀድሞዎቹ ተማሪዎች ዕዳቸው ለገበሬው እንደሆነ ሲያምኑ፣ ልክም ይሁኑ ስሕተት፣ የሚጨነቁት ስለ ሌላ ሰው ነበር። እኛ ከፍለን ስንጨርስ «ለማንም ምንም የለብኝም» የሚል ወረቀት በእጃችን አለ። ክሊራንስ ይባላል። የእኔ ትውልድ ዝምተኛ ነው ሲባል በፍርሃት ብቻ አይመስለኝም፤ ግማሹ ምክንያት ዕዳችን የግል በመሆኑ ነው።

የማያውቁት ሰው በር

አሁን ነገሩ እንደገና እየተለወጠ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም እንዲከተሉ ታስቧል። ራስ ገዝ ማለት ገቢህንም ራስህ ፈልግ ማለት ጭምር ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑን አንርሳ። በሩ ጠብቦ ሳለ የመግቢያው ዋጋ ሲወደድ፣ የሚቀረው ያ የድርቆሹ ልጅ ነው። ቢያልፍም አይገባም።

በዚህ መካከል አንድ ነገር ትኩረቴን ስቦታል። በ2012 በየዩኒቨርሲቲው ግጭት ተነስቶ ተማሪው ሻንጣውን እየጎተተ ወደየቤቱ ሲሸሽ ሁላችንም አይተናል። ከሩቅ አገር የሚመደብ ልጅ ስጋት ነበረበት፤ ወላጅም ልጁን ለመላክ ፈራ። በእነዚሁ ዓመታት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» የሚለውን ፕሮጀክት ጀመረ። ከሌላ ክልል ለመጣ ተማሪ የከተማው ነዋሪ ቤተሰብ ይሆነዋል፤ በበዓል ይጠሩታል፣ ሲታመም ይጠይቁታል። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተከተሉት።

ይህ የበጀት ችግር አይፈታም። ሁሉም ልጅ ጥሩ ቤት አይገጥመውም። ነገር ግን ከቤቱ የራቀ ልጅ፣ በማያውቀው ከተማ፣ የማያውቃት ሴትዮ በር ላይ ቆሞ «ግባ ልጄ» ሲባል አያቴ ያዩትን ያያል። ማን እንዳበላው ያውቃል። አያቴ በሰማንያ ዓመታቸውም የእነዚያን የጋይንት ሴቶች ስም በየቤቱ ቅደም ተከተል ይጠሯቸው ነበር፤ እህል አጥተው የመለሷቸውንም ጭምር። ስለ ክፍያ የሚወስኑ ሰዎች የወደፊቱን ተማሪ ዕዳ ሲያሰሉ፣ በወረቀቱ ላይ የእነዚህ ሴቶች ልጅ ምን ያህል ይከፍላል የሚለውን አስቀድመው ቢጽፉት እመኛለሁ።